ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሱፐርኮንዳክተር ኮረንቲ ገዳቢና የቀጥተኛ ኮረንቲ መረቦች ጥበቃ

የመካነ ሰላም ከተማ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የከለላ፣ የለጋምቦ፣ የአማራ ሳይንትና የመሐል ሳይንት ወረዳዎች በዓባይና በገባሮቹ ጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጡ ናቸው። በዚህ አካባቢ ከሸለቆ ማዶ ያለውን መንደር በዓይን ማየት ይቻላል፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን ረጅም ቁልቁለት መውረድና ረጅም ዳገት መውጣት ግድ ይላል። ለመንገደኛ አስቸጋሪ የሆነው ይህ መልክዓ ምድር ለኤሌክትሪክ መስመርም አስቸጋሪ ነው። መስመሩ ይረዝማል፣ ምሰሶዎቹ ከመንገድ ይርቃሉ፣ በክረምት መብረቅ ይበዛል፤ አንድ ቦታ ላይ ብልሽት በተፈጠረ ጊዜም ጠጋኙ ባለሙያ ስፍራው እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

ስለሆነም በእንዲህ ያለው አካባቢ የኤሌክትሪክ አገልግሎት አስተማማኝነት የሚለካው መስመር በመዘርጋቱ ብቻ አይደለም። በአንድ ስፍራ የተፈጠረ ብልሽት በዚያው ስፍራ ተወስኖ መቅረት መቻሉም እኩል ያስፈልጋል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የወደቀ ሽቦ የወፍጮ ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን የክትባት ማቀዝቀዣና የትምህርት ቤቱን መብራት በአንድነት የሚያጠፋ ከሆነ መረቡ ተዘርግቷል እንጂ ተጠብቋል ማለት አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ በዓለም ላይ ለቀጥተኛ ኮረንቲ መረቦች ጥበቃ እየተሞከረና በጥቂት ቦታዎችም በሥራ ላይ እየዋለ ያለውን አንድ መሣሪያ፣ ማለትም የሱፐርኮንዳክተር ብልሽት ኮረንቲ ገዳቢን፣ አሠራሩንና ጠቀሜታውን እንዲሁም ውስንነቱን ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ ኮረንቲ የሚለው ቃል በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ያመለክታል፤ መለኪያውም አምፔር ነው።

ቀጥተኛ ኮረንቲ በሀገራችን የት ይገኛል?

ከግድግዳ ሶኬት የምናገኘው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ኮረንቲ፣ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው ነው። በኢትዮጵያ ይህ ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ቀጥተኛ ኮረንቲ ወይም ዲሲ ግን ሳይመላለስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። የባትሪ ድንጋይ፣ የመኪና ባትሪና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሁሉም የሚሰጡት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። የእጅ ስልክና የኤል ኢ ዲ አምፖልም በውስጣቸው የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ቀጥተኛ ኮረንቲ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በገጠር ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚታዩት አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች በአብዛኛው በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሠራሉ። የቴሌኮም ማማዎች መሣሪያዎች በ48 ቮልት ይንቀሳቀሳሉ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋ የ750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ መስመር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ በተባለ ስፍራ የሚያበቃው የኢትዮጵያ–ኬንያ ማስተላለፊያ መስመር ነው። መስመሩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በ500 ሺህ ቮልት የሚሠራ ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ኃይል የማስተላለፍ አቅም አለው። በዚህ መስመር ለኬንያ ኃይል ማቅረብ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። በአፍሪካ ከዚህ ቀደም ከሞዛምቢኩ የካሆራ ባሳ ግድብ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም በኮንጎ ከኢንጋ ግድብ ወደ ሀገሪቱ ደቡብ የተዘረጉ መሰል መስመሮች ነበሩ።

ለረጅም ርቀት ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በመንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ሽቦ ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት ሀገሮች የየራሳቸውን መረብ ምት አንድ ማድረግ ሳያስፈልጋቸው ኃይል መለዋወጥ ይችላሉ። በአነስተኛ ደረጃም የፀሐይ ኃይልና ባትሪን መሠረት ባደረገ የመንደር መረብ ውስጥ ኃይሉ ከመነሻው ቀጥተኛ በመሆኑ፣ ወደ ተለዋዋጭ ለውጦ እንደገና ወደ ቀጥተኛ መመለስ ብክነት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከተጠቃሚዎች መካከል 65 በመቶ የሚሆኑትን በዋናው መረብ፣ 35 በመቶ የሚሆኑትን ደግሞ ከዋናው መረብ ውጭ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ ያለመ ነበር። ከዋናው መረብ ውጭ ያሉት አማራጮች በአብዛኛው ፀሐይንና ባትሪን የሚጠቀሙ በመሆናቸው፣ የቀጥተኛ ኮረንቲ ጥበቃ ጉዳይ የማስተላለፊያ ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆን የመንደሮችም ጉዳይ ነው።

የቀጥተኛ ኮረንቲ ብልሽት ለምን ይከብዳል?

ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ ወይም ሽቦ ወድቆ መሬት ሲነካ፣ በተለምዶ ሾርት አደረገ የሚባለው ሁኔታ ይፈጠራል። ኮረንቲው በአምፖልና በሞተር ውስጥ አልፎ ሥራ መሥራቱን ትቶ በአቋራጭ ይፈስሳል። በአቋራጩ ላይ የሚገታው ነገር ስለሌለም መጠኑ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ይህ የብልሽት ኮረንቲ ይባላል።

በተለዋዋጭ ኮረንቲ መስመር ላይ የብልሽት ኮረንቲን ለማቋረጥ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። ኮረንቲው አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል፤ ይህም በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። መቁረጫው ወይም ብሬከሩ ሲከፈት በመካከሉ የሚነሣው የእሳት ቅስት በዚያች ቅጽበት ይጠፋል፣ ተመልሶም እንዳይነሣ ይደረጋል።

ቀጥተኛ ኮረንቲ ግን በተፈጥሮው ዜሮን አይነካም። መቁረጫው ቢከፈትም ቅስቱ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። ከዚህም በላይ ዘመናዊ የመቀየሪያ ጣቢያዎች ኃይል የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሏቸው። ብልሽት በተፈጠረ ጊዜ እነዚህ ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ኃይል በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ወደ ብልሽቱ ያፈስሳሉ።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መደበኛ ኮረንቲው 2,000 አምፔር የሆነ የ500 ሺህ ቮልት መስመር አለ እንበል። የኮረንቲውን ዕድገት ለማዘግየት 150 ሚሊ ሄንሪ የሆነ ጥቅል ሽቦ በተከታታይ ተገጥሞለታል። ከጣቢያው አጠገብ ብልሽት ቢፈጠር ኮረንቲው በእያንዳንዱ ሺኛ ሰከንድ ወደ 3,300 አምፔር ገደማ ይጨምራል። በ5 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ከ18,000 አምፔር ያልፋል። 5 ሺኛ ሰከንድ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት የሚያልፍ ጊዜ ነው። በመቀየሪያ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ውድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን እንዲህ ያለውን ኮረንቲ መሸከም ስለማይችሉ፣ ራሳቸውን ለማዳን ሥራ ያቆማሉ። ጣቢያው ሲቆም ከጣቢያው ጋር የተያያዘው ሁሉ ይጨልማል።

ነባር የጥበቃ ዘዴዎችና ወሰናቸው

ሁለት ጫፍ ብቻ ላለው ረጅም መስመር ችግሩ የራሱ መፍትሔ አለው። ታይሪስተር በተባሉ የኤሌክትሮኒክስ በሮች የሚሠሩ ጣቢያዎች በመስመሩ ላይ ብልሽት ሲያዩ የበሮቹን መክፈቻ ጊዜ በመለወጥ ኮረንቲውን ራሳቸው ወደ ዜሮ ያወርዳሉ። ቅስቱ እስኪጠፋ ጥቂት ጠብቀውም መስመሩን መልሰው ያስነሣሉ። መስመሩ ለቅጽበት ቢቋረጥም ሌላ ቅርንጫፍ ስለሌለው የሚጎዳ ሦስተኛ ወገን የለም።

ችግሩ የሚከብደው ሦስትና ከዚያ በላይ ጣቢያዎች በቀጥተኛ ኮረንቲ መረብ ሲያያዙ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ አምባ ላይ የፀሐይ ጣቢያ፣ በሌላው የነፋስ ጣቢያ፣ በሦስተኛው ከተማ፣ በአራተኛው ባትሪ ቢኖርና ሸለቆዎቹን በሚሻገሩ የቀጥተኛ ኮረንቲ መስመሮች ቢገናኙ፣ በአንዱ ሸለቆ ላይ የወደቀ መብረቅ የአራቱንም ካፓሲተሮች ኃይል ወደ ራሱ ይስባል። መረቡን በሙሉ አቁሞ መልሶ ማስነሣት እንደ መፍትሔ ሊወሰድ አይችልም። የተበላሸውን ቅርንጫፍ ብቻ ለይቶ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ያውም ሌሎቹ ጣቢያዎች ራሳቸውን ከማጥፋታቸው በፊት።

ለዚህ የሚያገለግሉ ፈጣን የቀጥተኛ ኮረንቲ መቁረጫዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤቢቢ የተባለው ኩባንያ ኤሌክትሮኒክስንና መካኒካዊ መቁረጫን ያጣመረ መሣሪያ ማዘጋጀቱን አስታውቋል። መሣሪያው ብልሽትን በ5 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ መቁረጥ የሚችል ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ባስጀመረችው የዣንግቤይ ባለ 500 ሺህ ቮልት አራት ጣቢያ መረብ ላይም መሰል መቁረጫዎች ተገጥመዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች እጅግ ውድና ግዙፍ ናቸው። ግዙፍ የሚያደርጋቸውም መቁረጥ ያለባቸው የኮረንቲ መጠን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል፦ መቁረጫውን ከማግዘፍ ይልቅ ኮረንቲው ገና ሳያድግ ማነቅ ይቻላልን? አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሱፐርኮንዳክተር ምንድን ነው?

ማናቸውም የተለመደ ሽቦ፣ መዳብም ሆነ አሉሚኒየም፣ ለኮረንቲ ጥቂት እንቅፋት አለው። የእንቅፋቱ መለኪያ ኦም ይባላል። ሽቦ የሚሞቀው በዚህ እንቅፋት የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን እጅግ ዝቅተኛ ወደሆነ ሙቀት ሲያቀዘቅዝ እንቅፋቱ በድንገት ፈጽሞ እንደሚጠፋ አገኘ። እንዲህ ያለ ባሕርይ ያለው ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል፤ በአማርኛ ፍጹም አስተላላፊ ልንለው እንችላለን።

ለረጅም ዘመን ይህ ግኝት ከቤተ ሙከራና ከጥቂት ልዩ መሣሪያዎች አልወጣም፤ የሚያስፈልገው ቅዝቃዜ ውድ በሆነው ፈሳሽ ሂሊየም ብቻ የሚገኝ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከቀድሞዎቹ በተሻለ ሙቀት ፍጹም አስተላላፊ የሚሆን ሸክላ መሰል ቁስ አገኙ፤ በማግስቱ ዓመትም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ከኢትሪየም፣ ከባሪየምና ከመዳብ ኦክሳይድ የተሠራ፣ ከዜሮ በታች በ181 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ፍጹም አስተላላፊ የሚሆን ቁስ ተገኘ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ስለሆነ፣ ይህን ቁስ ለማቀዝቀዝ ናይትሮጅን በቂ ሆነ። ናይትሮጅን ደግሞ ከምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛ ያህሉ ነው።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለገጠሩ ኅብረተሰባችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የተሻሻሉ ዝርያ ላሞችን ለማግኘት በሚደረገው ሰው ሠራሽ ማዳቀል የኮርማው አባለ ዘር የሚቀመጠው በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ነው። አዳቃዩ ባለሙያ ይዞት የሚዞረው፣ ሲከፈት ነጭ ጉም የሚተፋው ዕቃ የያዘው ፍጹም አስተላላፊን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ነው።

ገዳቢው እንዴት ይሠራል?

ፍጹም አስተላላፊ ባሕርይውን የሚጠብቀው ሦስት ወሰኖችን እስካላለፈ ድረስ ነው፤ እነርሱም የሙቀት፣ የማግኔታዊ ኃይልና የኮረንቲ ወሰኖች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ በታለፈ ጊዜ ቁሱ ወዲያውኑ እንቅፋት ያለው ተራ ቁስ ይሆናል። ለማስተላለፊያ ገመድ ይህ ጉድለት ነው፤ ለገዳቢ ግን ዋናው ጥቅም ይህ ነው።

በአሠራሩ ቀላል የሆነው የገዳቢ ዓይነት ከብዙ ሜትር ቀጭን ጥብጣብ የተጠቀለለ ነው። በጥብጣቡ ላይ የተቀባው ፍጹም አስተላላፊ ንብር ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከሥሩና ከላዩ የብረት ንብሮች ይደግፉታል። ጥቅሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ፣ ሙቀት በማያስገባ ጋን ውስጥ ተጠምቆ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይያያዛል።

በመደበኛ ጊዜ ኮረንቲው ከወሰኑ በታች ስለሆነ መሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል። እንቅፋት የለውም፣ ኃይል አያባክንም። በተለዋዋጭ ኮረንቲ ላይ ፍጹም አስተላላፊም ቢሆን መጠነኛ ብክነት አለው፤ በማይለዋወጥ ኮረንቲ ላይ ግን ይህ ብክነት ስለማይኖር መሣሪያው በተለይ ለዲሲ የተስማማ ነው።

ብልሽት ሲፈጠር ኮረንቲው ያድግና ወሰኑን ያልፋል። ንብሩ በሺኛ ሰከንድ ገደማ ጊዜ ውስጥ ፍጹም አስተላላፊነቱን ያጣል፤ ኮረንቲው ወደ ብረት ንብሮቹ ይገፋል፤ እንቅፋትም በድንገት በመስመሩ ላይ ይቆማል። ይህን የሚያደርገው ማንም ሳያዝዘው ነው። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣ ምልክት አይጠብቅም። ብልሽቱ ራሱ ያነቃዋል።

ወደ ቀደመው ምሳሌያችን እንመለስ። በዚያው መስመር ላይ ወሰኑ ሲታለፍ 50 ኦም እንቅፋት የሚፈጥር ገዳቢ ብንጨምርና መንቂያ ጊዜው 1 ሺኛ ሰከንድ ቢሆን፣ ኮረንቲው በ5 ሺኛ ሰከንድ የሚደርሰው ከ18,000 በላይ ወደሆነው ሳይሆን ወደ 9,000 አምፔር ገደማ ነው። ልዩነቱ እጥፍ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በጥቅል ሽቦው ውስጥ የሚጠራቀመውና መቁረጫው ማጥፋት ያለበት ኃይል የሚያድገው በኮረንቲው ካሬ ስለሆነ፣ ከ26 ሚሊዮን ጁል ወደ 6 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይወርዳል። መቁረጫው የሚሸከመው ሸክም ወደ አንድ አራተኛ ዝቅ አለ ማለት ነው። ጣቢያዎቹም ሥራ ሳያቆሙ ብልሽቱ እስኪቆረጥ የመጠበቅ ዕድል ያገኛሉ።

ገዳቢው መቁረጫን የማይተካ መሆኑ ግን ሊሠመርበት ይገባል። ኮረንቲውን ያንቃል እንጂ አያቋርጥም። ነቅቶ ሳለ ጥብጣቡ በፍጥነት ስለሚሞቅ በመቶኛ ሰከንዶች በሚለካ አጭር ጊዜ ውስጥ መቁረጫው መስመሩን ካልከፈተለት ሊቃጠል ይችላል። ገዳቢና መቁረጫ ተደጋግፈው የሚሠሩ ናቸው።

የዓለም ተሞክሮ

የሱፐርኮንዳክተር ገዳቢዎች አስቀድመው በሥራ ላይ የዋሉት በተለዋዋጭ ኮረንቲ መረቦች ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 በ10 ሺህ ቮልት የሚሠራ የ1 ኪሎ ሜትር ፍጹም አስተላላፊ ገመድ ከገዳቢው ጋር ወደ ከተማው መረብ ገብቷል። በሞስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 የ220 ሺህ ቮልት ገዳቢ በአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል።

ለቀጥተኛ ኮረንቲ የሚጠቀሰው ዋና ተሞክሮ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት በናንአው ደሴት የሚገኘው ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 በ160 ሺህ ቮልት የሚሠራ የሦስት ጣቢያዎች መረብ ተዘርግቶ ከነፋስ ተርባይኖች የሚገኘውን ኃይል ወደ ዋናው ምድር ማድረስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ለዚሁ መረብ የ160 ሺህ ቮልት የሱፐርኮንዳክተር ገዳቢ ተገጥሞለታል። ጥቂት ጣቢያዎች፣ የነፋስ ኃይልና አስቸጋሪ መልክዓ ምድር የተጣመሩበት በመሆኑ፣ ባሕሩን በሸለቆ ብንተካው ተሞክሮው ከደጋማ አካባቢዎቻችን ሁኔታ እምብዛም የራቀ አይደለም።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

መሣሪያው እንደ መካነ ሰላም ባለ ከፍታ ላይ ቢተከል ምን ይለወጣል? በ2,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ምክንያት በክፍት ጋን ያለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከተለመደው በ2 ዲግሪ ተኩል ገደማ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ፍጹም አስተላላፊ በቀዘቀዘ መጠን የሚሸከመው ኮረንቲ ስለሚጨምር፣ ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ሆኖም የገዳቢው የመንቂያ ወሰን ከፍ ስለሚል በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። በግፊት የታሸጉ ጋኖች ላይ ግን የውጩ አየር ለውጥ አያመጣም።

በአንጻሩ ቀጭን አየር የኤሌክትሪክ መከላከያ አቅሙ ደካማ ነው። በመሆኑም ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚተከሉ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያዎች በአየር ውስጥ ያለው የመከላከያ ርቀት ይጨመራል፤ በመካነ ሰላም ከፍታ ጭማሪው ወደ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለባሕር ጠለል የተሠራን መሣሪያ ሳያስተካክሉ በደጋ መትከል ብልሽትን መጋበዝ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ቅዝቃዜን ሳያቋርጡ ማቆየት ነው። ማቀዝቀዣው ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የናይትሮጅን ጉድለት ሲኖርም መሙላት ያስፈልጋል። ጥብጣቡ አንድ ጊዜ ከነቃ በኋላ ተመልሶ እስኪቀዘቅዝ ከሰከንዶች እስከ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። መብረቅ በሚደጋገምበት ክረምት ይህ የመመለሻ ጊዜ በዕቅድ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ከደኅንነት አንጻርም 1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን ከ690 ሊትር በላይ ጋዝ ስለሚሆንና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅንን ስለሚገፋ፣ መሣሪያው ያለበት ክፍል አየር በሚገባ የሚዘዋወርበት ሊሆን ይገባል።

ለመንደር መረብ የሚበጀው የትኛው ነው?

ከላይ የተገለጸው መሣሪያ በጣም ከፍተኛ ኃይል ለሚያስተላልፉ መረቦች እንጂ ለአንድ መንደር የፀሐይ ኃይል መረብ የሚታሰብ አይደለም። ዋጋውና የማቀዝቀዣው ፍላጎት ከሚጠብቀው ንብረት ይበልጣል። የችግሩ ባሕርይ ግን በመንደሩም ያው ነው።

መደበኛ ኮረንቲው 100 አምፔር የሆነ የ400 ቮልት የባትሪ መረብ እንውሰድ። ባትሪውና ሽቦው በአንድነት ያላቸው እንቅፋት 0.05 ኦም ቢሆን፣ በባትሪው አጠገብ በሚፈጠር ብልሽት እስከ 8,000 አምፔር ሊፈስስ ይችላል። ይህ የመዳብ ሽቦን ለማቅለጥና ቤት ለማቃጠል ከበቂ በላይ ነው። በመንደር ደረጃ መፍትሔው ርካሽና የታወቀ ነው፤ ለቀጥተኛ ኮረንቲ የተሠራ ፊውዝና መቁረጫ በትክክለኛው ቦታ መግጠም ነው።

በዚህ ረገድ የፀሐይ ኃይል የሚጠቀሙ ቤተሰቦች፣ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል።

በመጀመሪያ፣ ለተለዋዋጭ ኮረንቲ የተሠራ መቁረጫ በቀጥተኛ ኮረንቲ መስመር ላይ አይገጠም። መልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም ቅስቱን ማጥፋት አይችልም፤ ውስጡ እየነደደ ሊቀጥል ይችላል። በመሣሪያው ላይ ለዲሲ የሚያገለግል መሆኑና የሚችለው ቮልት መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ የዲሲ መቁረጫዎች የፕላስና የማይነስ ጫፋቸው ተለይቶ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ተገላብጠው ከተገጠሙ አይሠሩም።

ሁለተኛ፣ የባትሪው ፊውዝ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ ይገጠማል። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውምና።

ሦስተኛ፣ የፀሐይ ሰሌዳ ፀሐይ እስካለ ድረስ ኃይል ማመንጨቱን አያቆምም። ሾርት ባደረገ ጊዜም የሚሰጠው ኮረንቲ ከመደበኛው እምብዛም ስለማይበልጥ ፊውዙ ላይቃጠል ይችላል፤ ቅስቱ ግን ይነድዳል። ስለዚህ የሰሌዳው ሽቦዎች ከሣር ክዳንና ከደረቅ እንጨት ርቀው፣ አይጥና ፀሐይ በማይጎዳቸው መሸፈኛ ውስጥ ማለፍ አለባቸው።

አራተኛ፣ የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ወይም በምስማር አይተካም። ፊውዙ የተቃጠለው ሥራውን ስለሠራ ነው፤ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለጋል።

አምስተኛ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲታይ ኃይል የሌለው ቢመስልም መቅረብም ሆነ ከብት ማስጠጋት አይገባም። ለሚመለከተው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅና ባለሙያ እስኪደርስ ሌሎች እንዳይቀርቡ መከላከል ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይል ከማመንጨት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያንን ኃይል ሳይቆራረጥ ለተጠቃሚው ማድረስ ነው። በዚህ ሂደት ቀጥተኛ ኮረንቲ በሁለቱም ጫፍ ቦታ አለው፦ በአንድ በኩል ድንበር በሚሻገር ከፍተኛ መስመር፣ በሌላ በኩል በአንዲት የደጋ ጎጆ ጣሪያ ላይ ባለች የፀሐይ ሰሌዳ።

የሱፐርኮንዳክተር ገዳቢ ዛሬ በዓለም ላይ በጥቂት ስፍራዎች ብቻ የሚገኝ፣ ዋጋውም ገና ውድ የሆነ መሣሪያ ነው። በሁለት ጫፍ ብቻ ለሚያበቃ መስመር አስፈላጊነቱ አነስተኛ ነው፤ ቅርንጫፎች እየበዙ መረብ በተፈጠረ ቁጥር ግን ጠቀሜታው ይጎላል። በመሆኑም በዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለውን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ በኤሌክትሪክና በፊዚክስ ዘርፍ ለሚማሩ ወጣቶች ከአሁኑ ሊያጠኑት የሚገባ መስክ ነው። የደጋ ከፍታ በመሣሪያዎች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለማጥናት በደጋ ላይ ከሚኖር ተማሪ የተሻለ ቅርበት ያለው የለም።

በመንደር ደረጃ ያለው ትምህርት ደግሞ ነገን የሚጠብቅ አይደለም። ትክክለኛ ፊውዝ፣ ለዲሲ የተሠራ መቁረጫና በጥንቃቄ የተዘረጋ ሽቦ ዛሬ በእጅ ያሉ ገዳቢዎች ናቸው። መርሁ በትልቁም በትንሹም አንድ ነው፦ ብልሽት ፈጽሞ እንዳይፈጠር ማድረግ ባይቻልም፣ በተፈጠረበት ቦታ ተወስኖ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል።